መምህርት በይኝ

አውቶቡሱ የአዋሽ ሰባትን ኬላ አልፎ በረሃውን ሲይዝ ውባንች ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጣ ነበር፤ እናቷ ማሚት ደግሞ በመጨረሻው ወንበር ላይ፣ በጀሪካንና በሽንኩርት ጆንያ መካከል። ትኬት የቆረጡት አንድ ላይ ነው። ከፊትም ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ባዶ ነበር። ማሚት ግን ማንም ሳይላት ጆንያዋን እየጎተተች ወደ ኋላ አለፈች፤ ልጅቱም «እማ፣ ወዴት ነው?» አላለቻትም። ያችን ቃል አፏ ላይ ይዛት እስከ አዋሽ አርባ ሄደች። ከዚያ በኋላ ለማለትም ረፈደ።

ጊዜው የ1999 ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ማለቂያ ነው። አገሩ ሁሉ ሁለት ሺህን ለመቀበል ሽር ጉድ ይላል። የአውቶቡሱ የፊት መስታወት በሚሊኒየም ወረቀት ከመሸፈኑ የተነሣ ሾፌሩ መንገዱን የሚያየው በተረፈችው ክፍተት ነው፤ ካሴቱም ስለ ሚሊኒየም ካልሆነ ሌላ ዘፈን የሚያውቅ አይመስልም። ረዳቱ ሲሳፈሩ የማሚትን ጆንያ አንሥቶ «እማማ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የጫኑት?» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ድንጋይ አልነበረም። የተሰበረ ሸክላ ነው፤ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ የላመ ገል። ጭቃ ያለ ገል ድቃቂ እሳት አይችልምና ሸክላ ሠሪ ካለሱ አትንቀሳቀስም። ከመካከሉ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሦስት ነገሮች አሉ፤ የቅል ስባሪ፣ የቁርበት ቁራጭና አንድ ልሙጥ የወንዝ ድንጋይ። የማሚት ሀብት ይኸው ነው።

ውባንች በሰመራ መምህርት ናት። ክልሉ መዲናውን ከአሳይታ ወደ ሰመራ ካዛወረ ወዲህ በዚያ ደረቅ ሜዳ ላይ ቢሮ በቢሮ ላይ ይበቅል ነበርና፣ ከበቀሉት አንዱ የሴቶች ሙያ ማሠልጠኛ ነው። እሷም ከአዲስ አበባ የሴራሚክ ዲፕሎማዋን ይዛ የመጀመሪያዋ የሸክላ አሠልጣኝ ሆና ገባች። «ሙያውን ከየት አገኘሽው?» ሲሏት ዲፕሎማውን ታሳያለች። ስለ አባቷ ሲጠይቋት «የባቡር ሠራተኛ ነበር» ትላለች፤ እውነት ነው። ስለ እናቷ ሲጠይቋት «አክስቴ ናት ያሳደገችኝ» ትላለች፤ ይህም ሐሰት አይደለም። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባል የለ!

እናቷ በልጅነቷ ከወሎ ወርዳ፣ በአዋሽ ሰባት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ እንስራና ድስት እየሠራች የምትኖር ሴት ናት። የደጋ ሰው ለሸክላ ሠሪ ያወጣውን ስም ውባንች ፊደል ሳትቆጥር ነው ያወቀችው። በእንስራዋ ውሃ ይጠጣል፣ በድስቷ ወጥ ይሠራል፣ እሷን ግን «ቡዳ» ይላል። ስታልፍ ምግቡን ይሸፍንባታል፤ ዘሯን ቆጥሮ ከልጇ ጋር ልጁን አያጋባም። ማሚት ይህን ስም ላለማውረስ ስትል ልጇን በሰባት ዓመቷ በባቡር ጭና አዲስ አበባ፣ አክስቷ ዘንድ ሰደደቻት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ጭቃ እየረገጠች አስተማረቻት።

ታዲያ ማሚት ዛሬ ለምን ተጠራች? ውባንች ስላጠፋች ነው።

ማሠልጠኛው ለሚሊኒየሙ በዓል ውሃ የሚያቀዘቅዙ አሥራ ሁለት ትልልቅ እንስራዎች እንዲያቀርብ ታዝዞ ነበር። ኃላፊው አቶ ሰዒድ ራሳቸው መኪና አስነሥተው፣ ሠልጣኞቹን ጭነው፣ በአሳይታ በኩል ወደ አዋሽ ዳር አፈር ለማምጣት ወረዱ። ሸክላ ሠሪ አፈር የምትመርጠው በምላሷ ነው። ቆንጥራ ትቀምሳለች፤ ጨው ካለበት ትተፋና ሌላ ቦታ ትቆፍራለች። ውባንች ይህን ገና በአራት ዓመቷ ታውቀው ነበር። ዲፕሎማው ግን አፈር ስለ መቅመስ አይናገርም፤ እዚያ አፈሩ የሚመጣው ተመርጦ፣ በከረጢት ታሽጎ ነበር። የዚያን ዕለት አቶ ሰዒድ አጠገቧ ቆመዋል። ከእሳቸው ኋላ የኤሌክትሪክ አሠልጣኙ ውብሸት ቆሟል፤ ለጥቅምት ሽማግሌ እንደሚልክ የነገራት ሰው። ውባንች አፈሩን ቆነጠረች። እጇ እስከ ደረቷ ደረሰ። «አፈር ስቀምስ ካዩኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቁብኛል» ብላ አሰበችና ዘረገፈችው።

«ጥሩ አፈር ነው» አለች።

እንስራዎቹ ከእሳት አምረው ወጡ። ውሃ በተሞሉ በሦስተኛው ቀን ግን ነጭ ነገር ይተፉ ጀመር፤ ከዚያ ተላጡ፤ ከዚያ አፈሰሱ። አሥራ ሁለት እንስራ ሙሉ ውሃ መሬት ጠጣው። ውባንች ምክንያቱን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። አቶ ሰዒድ ሲጠይቋት ግን «ልጆቹ በደንብ አላቦኩትም» አለች። ልጆቹ እዚያው ቆመው ይሰማሉ። ከሁሉም ይልቅ እጇ እስኪላጥ ያቦካችው ሀምዳ አንገቷን ደፋች። ውባንች በነጋታው ወደ አዋሽ ሰባት ሄዳ እናቷ እግር ላይ ወደቀች። «አፈሩን ቀመስሽው?» ነበር የማሚት የመጀመሪያ ጥያቄ። መልሱን ሳትጠብቅም ገሏን ትወቅጥ ጀመር።

አውቶቡሱ ገዋኔ ላይ ለምሳ ቆመ። የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ሾፌሮቹ በሽርጥ ሆነው በጎማቸው ጥላ ሥር ተጋድመዋል። ውባንች እናቷን ይዛ ከአንድ ወሎዬ ምግብ ቤት የመጨረሻ ጥግ፣ ሰው ከማይሰማበት ጠረጴዛ ተቀመጠች።

«እማ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ።»

«በይ እስቲ።»

«ሰመራ ስንደርስ… ሰው ፊት ማለቴ ነው… ከአዋሽ ያመጣናት ሸክላ ሠሪ ናት እላለሁ። ለጊዜው ነው፤ ሥራው እስኪያልቅ።»

ማሚት የጠቀለለችውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ በስንት ጣዕሙ!

«ምን ብዬ ልጥራሽ ታዲያ?» አለች።

«መምህርት በይኝ።»

«በአንቺ ነው በእርስዎ?»

ውባንች ዐይኗን ትሪው ላይ ተከለች። «በእርስዎ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማት። «እኔም እርስዎ እልሻለሁ። ለክብርሽ ነው።»

«ለክብሬ» አለች ማሚት። ጉርሻውን መልሳ አነሣች። «አይክፋሽ። እኔስ ይህን ሁሉ ዘመን የለፋሁት ከእኔ እንዳትቆጠሪ አይደል? በይ ብዪ፤ መኪናው ጥሎን ይሄዳል።»

ውባንች በላች። አፍራ ነበር፤ ግን በላች።

ሰመራ እንደ ደረሱ ማሚት ውሏን አንድም ቀን አላጎደለችም። ልጅቱ እንኳ ስትዘነጋ እሷ አትዘነጋም። «መምህርት፣ ይህን ጭቃ ይዩልኝ።» «መምህርት ከፈቀዱ ነገ ወንዝ ብንወርድ።» ውባንች በዚያ «እርስዎ» ላይ እያንዳንዱን ጊዜ ትደነግጥ ነበር። እናቷን ዕድሜዋን ሙሉ «አንቺ» ብላ ነው የጠራቻት፤ አሁን «እማማ ማሚት፣ ይቀመጡ እንጂ» ስትል አፏ የሰው አፍ ይመስላታል።

ወንዝ ዳር ወረዱ። አዋሽ በደጋው ዝናብ ሞልቶ ቡናማ ሆኗል። ማሚት ቀሚሷን ሰብስባ ቆፈረች፤ ቆነጠረች፤ ሰው ሁሉ እያየ ምላሷ ላይ አደረገችና «እትፍ!» አለች። ሠልጣኞቹ በሳቅ ወደቁ። ስድስት ቦታ ቆፍራ ስድስት ጊዜ ተፋች። በሰባተኛው፣ ከወንዙ ራቅ ብሎ፣ ክንድ ያህል ጠልቆ ከተገኘው ጥቁር አፈር ቀምሳ ዋጠችው።

«ይኸውላችሁ፣ ይኼ ወለላ ነው። ቅመሱት!»

ኸሊዳ የምትባለው ቀልደኛዋ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። «ወላሂ ማር ነው እንጂ፣ ውሸቷን አይደለም!» አለች። ሳቁ ሲበርድ ሀምዳ ቀና ብላ ጠየቀች።

«እማማ ማሚት፣ የፊተኛው አፈር እንዲህ ቢቀመስ ጨው መሆኑ ይታወቅ ነበር?»

ውባንች መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ተመኘች። ማሚት ግን ለመልስ አልዘገየችም። «ዘንድሮ ወንዙ ሲሞላ ጨው አምጥቶ ይሆናል ልጄ። መምህርት በምን ያውቃሉ? እሳቸው የተማሩት የከተማውን አፈር ነው። እናንተም ጥሩ ነው ያቦካችሁት ይላሉ።» ሀምዳ ወደ መምህርቷ ዞረች፤ ያችን ቃል ከእሷ አፍ ልትሰማ። ውባንች እርሳስ የወደቀባት ይመስል ጎንበስ ብላ መሬቱን ዳበሰች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለሠልጣኞቹ ፌሽታ ነበሩ። ከአዲስ አበባ የመጣው የሸክላ መሥሪያ የኤሌክትሪክ መዘውር ተቃጥሎ ጥግ ይዟል፤ ማሚት ግን ጭቃውን መሬት ላይ አስቀምጣ ራሷ ነበረች የምትዞረው። እንስራው እንደ ቆመ፣ እሷ ጎንበስ ብላ ዙሪያውን እየሄደች፣ በቅል ስባሪው ከውስጥ እየገፋች፣ በእርጥብ ቁርበት ከንፈሩን እያበጀች ትሠራለች። ከአዋሽ ገበያ በለቀመችው አፋርኛ ትቀልዳለች። «ለምን አትቀቢውም? ለምን በጢስ አታጥኚውም?» ሲሏት «እንስራ ካላላበው ውሃ አይቀዘቅዝም፤ ሰውም እንደዚያው» ትላለች። ልጆቹ እናት ያገኙ ያህል ተከተሏት። ውባንች በሰሌዳው አጠገብ ጠመኔ ይዛ ቆማ እያየች ቅናት ያዛት፤ በገዛ እናቷ የቀናችው በገዛ ምርጫዋ ባዳ ስለሆነች ነው።

በስድስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የሆነው ግን ከሁሉም ባሰ።

ውባንች፣ ውብሸትና የማሠልጠኛው ሾፌር አብርሽ ከጥላው ሥር አንድ ትሪ ከበው ይበላሉ። አብርሽ የደጋ ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም። ማሚት እጇን ታጥባ በእነሱ በኩል ስታልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኧረ ሸፍኑት! ይቺ ሴትዮ የአዋሽ ሸክላ ሠሪ ናት አሉ። በዐይኗ ትበላናለች» አለ። ክዳኑ ያለው ከውባንች አጠገብ ነው። ውብሸት ሳቅ አለ። ውባንች እጇን አየችው፤ ክዳኑን አነሣ፤ ትሪው ላይ አኖረው። ሳታስብ ነው እንዳንል አስባለች። የማሰቢያ ጊዜም ነበራት።

ማሚት አይታለች። እርምጃዋን አላፈጠነችም፤ አላዘገየችምም። ግድግዳውን ዞራ ከወዲያ በኩል ፀሐይ ላይ ተቀመጠች።

«ምነው ሸፈናችሁት?» አለች ኸሊዳ በዚያው ስታልፍ። አፋሯ ልጅ የደጋውን ወግ ከየት ታውቀዋለች?

«ዝንብ ነው» አለች ውባንች።

«ዝንብ የለም እኮ!»

ውባንች ትሪውን ትታ ተነሣች። የዚያን ቀን ወደ ማታ እናቷን ጭቃ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን አገኘቻትና በሩን ዘጋች። «እማ…» አለች። ማሚት በወንዝ ድንጋዩ እንስራውን ታለሰልሳለች። «በሩን ይክፈቱት መምህርት፤ ጭቃው ይታፈናል» አለች። ቀና ብላም አላየቻትም። ውባንች ከፈተችና ወጣች። ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ አንድ ነገር ቆረጠች፤ የበዓሉ እንግዶች በተሰበሰቡበት፣ ውብሸትም አብርሽም እየሰሙ፣ እናቴ ናት እላለሁ። ሥራው ቢቀር ይቅር፤ ሽማግሌውም ቢቀር ይቅር። ይህን አለማለት ግን እስከ መቃብር ይከተለኛል።

ጳጉሜን አራት ንጋት ላይ፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ እንስራዎቹን በግራር እንጨትና በኩበት አቃጠሏቸው። አሥራ ሁለቱም ወጡ። ማሚት አንድ በአንድ በጣቷ እያንኳኳች ድምፃቸውን ሰማችና «ደህና ናቸው» አለች፤ አመድ በአመድ በሆነ ፊቷ ላይ ደስታው ታየ።

ጳጉሜን ስድስት ለበዓሉ የተተከለው ድንኳን ሞላ። ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ነገ ደግሞ ሁለት ሺህ ነው፤ ሰዉ በሁለት በዓል መካከል ቆሞ ደስ ብሎታል። ሙቀቱ ግን አይጣል ነው። ጄኔሬተሩ ከጠዋት ጀምሮ ያስነጥሳል፤ እኩለ ቀን ላይ ጭራሹን ጠፋና የለስላሳው ማቀዝቀዣ አብሮት ጠፋ። ያኔ ነው እንስራዎቹ የተፈለጉት። ሀምዳና ኸሊዳ ላብ ካወጡት እንስራዎች እየቀዱ አዞሩ። የክብር እንግዳው ሀጂ አብዱናሲር፣ ፂማቸውን ሒና የተቀቡ፣ ጊሌ የሚሉትን ጩቤያቸውን በወገባቸው የታጠቁ የአፋር ሽማግሌ፣ አንድ ጣሳ ጠጥተው ሁለተኛ ጠየቁ።

«ማሻአላህ! በረዶ ጨምራችሁበታል?»

«አፈር ብቻ ነው ሀጂ» አሉ አቶ ሰዒድ፤ ደረታቸው ተነፍቶ። ቀጥለውም በባትሪ የሚሠራውን የእጅ ማጉያ አነሡ። «ክቡራንና ክቡራት! ይህን ያየነው በዲፕሎማ የተመረቀች መምህርት ስላለችን ነው። መምህርት ውባንች ወደዚህ ትምጣልን! በጉልበታቸው ያገዙንን የአዋሽ ሴትዮም እናመሰግናለን።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ውባንች ወጣች። ማጉያውን ተቀበለች። ከፊት ውብሸት ፈገግ ብሎ ያጨበጭባል፤ አብርሽ ከመኪናው ተደግፏል፤ ማሚት ከእንስራዎቹ ኋላ ጎንበስ ብላ ጣሳ ታለቀልቃለች።

«አንድ ነገር ልናገር» አለች። «የፊተኞቹ እንስራዎች የፈረሱት በልጆቹ አይደለም። አፈሩን ሳልቀምስ ያስወሰድኩት እኔ ነኝ። ሀምዳ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ።»

ሀምዳ ጣሳውን እንደ ያዘች ቀና አለች። ውባንች ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ሁለተኛ፣ እነዚህን እንስራዎች የሠራችው ማሚት ናት። እኔን ያስተማረችኝም እሷ ናት። ዲፕሎማዬንም በጭቃዋ የገዛችልኝ እሷ ናት። ማሚት የአዋሽ ሴትዮ አይደለችም፤ የወለደችኝ እናቴ ናት። እስከ ዛሬ የደበቅኩት አፍሬባት ነው።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ማሚት ዞረ። አብርሽ ከመኪናው ቀና አለ። የውብሸት እጅ ለጭብጨባ እንደ ተነሣ ቀረ። ማሚት ያንን እጅ አየችው፤ ጣሳውን አስቀመጠች፤ እጇን በቀሚሷ አደራረቀች።

«ኧረ በስመ አብ! እኔ ደግሞ መቼ ወለድኳት?» አለች ጮክ ብላ፤ ሳቅም አከለችበት። «ጌቶቼ፣ አትፍረዱባት። አንጀቷ ባብቶ ነው። ሰው ይንቀኛል ብላ፣ ለእኔ ክብር እንዲሆነኝ ብላ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ ብትኖረኝ ማን ይጠላል? ግን በሐሰት እናት መባል ኃጢአት አለው። እኔ አልወለድኩም። ልጅ የለኝም።»

ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። ሀጂ አብዱናሲር ከንፈራቸውን መጥጠው፣ «አላህ ይባርክሽ ልጄ! ለድኻ ክብር ሲል ዘሩን የሚሰጥ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ። አቶ ሰዒድ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። የውብሸትም እጅ ወደ ጭብጨባው ተመለሰ፤ እንዲያውም ከበፊቱ በረታ።

«እውነቴን ነው!» አለች ውባንች። «እናቴ ናት! አባቴ የባቡር…» ሰዉ ሳቀ፤ በፍቅር ነው የሳቀው። በጮኸች ቁጥር ትሕትናዋ የባሰ እየመሰላቸው ጭብጨባው ጨመረ። እንባዋ ወረደ፤ እሱንም አጨበጨቡለት።

ማሚት አንድ ጣሳ ውሃ ቀድታ በሰዉ መካከል መጣች። ለመምህርቷ ውሃ እንደምታቀርብ ሴት ጎንበስ ብላ፣ አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«ተይ አንቺ ልጅ» አለቻት በሹክሹክታ። «ሃያ ዓመት የሠራሁትን በአንድ ቀን አትስበሪብኝ። ውሃሽን ጠጪና ቁጭ በይ፤ ሰው እያየሽ ነው።»

ውባንች ጣሳውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ጠጣች። ከዚያም፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያጨበጨበላት፣ ቁጭ አለች።